የበገና ድርድር ለጸሎት፦ በዳታ ወይስ ሚሞሪ ላይ አስጭኖ?

ዐቢይ ጾም በተቃረበ ቁጥር ባሕር ዳር ላይ ይህ ጥያቄ ይመላለሳል። መልሱ ሚሞሪ ነው፤ ያውም ትንሹ።

ሒሳቡን እንየው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት (የድምፅ ጥራት መለኪያ ነው) የተቀረጸ ድርድር በሰዓት 58 ሜጋ ገደማ ይበላል። ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ዳዊት ለሚደግም ሰው በ55ቱ ቀን 3.2 ጊጋ ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ይህ ድምፁ ብቻ ነው። ቪዲዮ ከሆነ የዳታው ብዙው እጅ ማንም ለማያየው ምስል ይከፈላል። 8 ጊጋ ሚሞሪ ግን 138 ሰዓት ይይዛል። የካርዱንና የማስጫኛውን ዋጋ ደምሩና ከአንድ ጾም የዳታ ወጪ ጋር አስተያዩት። ለከርሞ ካርዱ እዚያው አለ፤ ዳታው እንደገና ይገዛል። በጀልባ ወደ ዘጌ ስትሻገሩም ኔትወርክ አትለምኑም።

64 ጊጋ በርካሽ ሲቀርብላችሁ አትቸኩሉ። ከ32 ጊጋ በላይ ያሉት በኤክስፋት (ካርዱ ፋይል በሚያስቀምጥበት አንድ ዓይነት ፎርማት) ተዘጋጅተው ይመጣሉ፤ ብዙ ትንንሽ ስፒከሮች ደግሞ የሚያነቡት ፋት32 የሚባለውን ሌላ ፎርማት ብቻ ነው። ፎርጅዱ ይብሳል፦ ላዩ ላይ 64 ተጽፎበት ውስጡ 8 ይሆናል። የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ግን ዝም። መፈተኛው ሞልቶ ማየት ነው፤ 8 ጊጋ በሰከንድ 10 ሜጋ ከተጻፈ 13 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አውጡት፣ መልሳችሁ ክተቱት፣ መጨረሻ የገባውን ክፈቱ። ገንዘብ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።

ስታስጭኑ «ድርድር ብቻ» በሉ። ዜማው ቃል ካለው ከምትደግሙት መዝሙር ጋር ይጋጫል፣ ልብም ለሁለት ይከፈላል። የፋይሉን መጠንም እዩ፦ በ128 ኪሎቢት የ5 ደቂቃ ድርድር 4.8 ሜጋ መሆን አለበት። 2.4 ከሆነ 64 ኪሎቢት ነው፤ የእንዚራው (በበገናው አውታር ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት ይሻክራል። 64ቱን ወደ 320 ቀይሮ መሸጥም አለ፤ ፋይሉ ይወፍራል፣ የጠፋው ድምፅ አይመለስም። አንዱን ድርድር በአምስት ስም የሚጭኑም ስላሉ ደቂቃቸው እኩል የሆኑትን ከፍታችሁ አነጻጽሩ።

ስፒከር ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። በገና ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጡጫ የምታክለው ስፒከር ወፍራሙን ውጣ ንዝረቱን ብቻ ታስቀራለች። ግድግዳ ጥግ ብትቀመጥ ትንሽ ትሻሻላለች። ለብቻ ለሚጸልይ ግን ባለ ገመድ ኢርፎን ይበልጣል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ስፒከር የግድ ከሆነ ሱቅ ውስጥ አብሩት፤ ሲበራ በእንግሊዝኛ የሚጮኸውን ተዉት፣ ሌሊት ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ባትሪው በእጅ የሚወጣውን ምረጡ፤ ሲደክም ባትሪው ብቻ ይለወጣል። የተበየደው ግን ጥገና ቤት ያስኬዳል።

ዳታ የሚጠቅመው ለምርጫ ነው። የተለያዩ ደርዳሪዎችን አሥር አሥር ደቂቃ አዳምጡ፣ የወደዳችሁትን ስም ወረቀት ላይ ጻፉና ለጫኙ ስጡት።