የልብ ሕክምና በቀጠሮ፦ ለጅማ ሰው የትኛው መድን ያዋጣል?

የጤና መድን ሲነሳ ሁላችንም ቀድመን የምንጠይቀው «ስንት ነው?» ብለን ነው። በቀጠሮ ለሚሠራ የልብ ሕክምና ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከሕክምናው በኋላ የተኛንበትን አልጋ ማን ይከፍላል? ጭቅጭቁ የሚበዛው እዚያ ላይ ነው።

ማህበረሰብ አቀፉ መድን የተዘጋጀው ለገበሬውና የወር ደመወዝ ለሌለው የከተማ ሰው ነው። መዋጮው ዓመታዊ ነው፣ ቤተሰቡን ይይዛል፣ ከግሉ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። ተኝቶ መታከምንም ይሸፍናል። መንገዱ ግን በደረጃ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ተነስቶ በሪፈር እስከ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል። ሪፈር ሳትይዙ ከዘለላችሁ ወጪው በሙሉ ወይም በከፊል ወደ ኪሳችሁ ሊዞር ይችላል። አዲስ አበባ ከተላካችሁ ደግሞ ተቀባዩ ሆስፒታል ከመድኑ ጋር ውል እንዳለው ቀድማችሁ አጣሩ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ «እኛ ጋ አይሠራም» መባል ያማል። ምዝገባውም ወቅት ስላለው «ቀጠሮ ሲደርሰኝ እገባለሁ» አያዋጣም።

የግሉ ብዙውን ጊዜ በመሥሪያ ቤት በኩል በቡድን የሚገባ ነው። የሆስፒታል ምርጫው ይሰፋል፣ ወረፋውም ይቀላል። ጣጣው ውሉ ውስጥ ነው። ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም ይካተታል? ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል? የአልጋ ክፍያ በቀን ጣሪያ አለው?

እንዲህ እናስበው። ስቴንት (የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) በእጅ አንጓ በኩል ከገባ ታካሚው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ሊወጣ ይችላል። በብሽሽት ከሆነ ረዘም ላሉ ሰዓታት ተጋድሞ መቆየት አለበት። ደም ከፈሰሰ ወይም የልብ ምቱ ከተዛባ ሦስተኛ ቀን ይጨመራል። መድን ሰጪው «የፈቀድኩት አንድ ሌሊት ነው» ሊል ይችላል። ያኔ የሚያድነው የሐኪሙ ጽሑፍ ነው። «ለክትትል» ብቻ ከተባለ ለክርክር በር ይከፍታል። ምክንያቱ በየቀኑ ተጽፎ ካለ ግን እጃችሁ ላይ ማስረጃ አለ። ስለዚህ ቀኑ ሊጨመር ሲል ፈቃዱም ይታደስ፤ ከወጡ በኋላ መለመን ከባድ ነው።

የኔን ከጠየቃችሁ፣ ደመወዝተኛ ላልሆነ ሰው ማህበረሰብ አቀፉ ያለ ማመንታት ይቅደም። መሥሪያ ቤቱ የግል መድን የሚገባለት ሰው በዚያው ይጠቀም፤ የአልጋውን ጉዳይ ግን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያስመልስ።

ክፍያ ከተከለከላችሁ ለድርጅቱ በደብዳቤ አቤት በሉ። የግል መድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ስለሆነ ቅሬታው እዚያም ይደርሳል። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አድርጉና አንዱን የገቢ ማህተም አስመትታችሁ ያዙ።