የኒውዚላንድ የአካል ጉዳት ድጋፍ፣ ከሳሞአና ከቶንጋ ቤተሰብ ደጃፍ ሲታይ

በደቡብ ኦክላንድ፣ በኦታራና በማንጌሬ ሰፈሮች፣ ሦስት ትውልድ በአንድ ጣሪያ ስር መኖሩ የተለመደ ነው። በአንዱ ቤት ኦቲዝም ያለበት ልጅ፣ ሥራ ላይ ወድቆ ወገቡ የተጎዳ አባት፣ እንዲሁም ሰባ ዓመት ያለፋቸውና በስትሮክ አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው አያት አሉ እንበል። ይህ ቤተሰብ ሦስት በር ማንኳኳት አለበት። ልጁ በማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ስር ወዳለው የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ይሄዳል፤ አባትየው በአደጋ ለተጎዳ ሁሉ ጥፋተኛ ሳይፈልግ ካሳ ወደሚከፍለው ኤሲሲ፤ አያት ደግሞ ወደ ጤና ኒውዚላንድ። እያንዳንዱ በር የራሱ ቅጽና የራሱ መዛኝ አለው። ከሦስቱ ለጋሱ ኤሲሲ ነው፤ አደጋ ሥራ ያስፈታውን ሰው የደመወዙን 80 ከመቶ በየሳምንቱ ይከፍለዋል። አብሮት የተወለደ ጉዳት ያለበት ሰው ግን ይህ የለውም። አንድ ዓይነት ዊልቸር ላይ በተቀመጡ ሁለት ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት መኖሩ የሥርዓቱ ትልቁ እንከን ነው፤ ቤተሰቡ ሊያስተካክለው አይችልም። ቤተሰቡ ሊያስተካክለው የሚችለው የመጀመሪያውን በር አገባብ ነው፤ እዚህ የምንመዝነውም እሱን ነው።

ወደዚህ በር የሚገባው ከ65 ዓመት በታች የሆነ፣ ከስድስት ወር በላይ የሚዘልቅ የአካል፣ የአእምሮ ዕድገት ወይም የስሜት ሕዋሳት ጉዳት ያለበት ሰው ነው። ኦቲዝም በ2014 ተጨምሯል (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የኩክ ደሴቶች፣ የኒዌና የቶከላው ተወላጆች የኒውዚላንድ ዜጎች ስለሆኑ የዜግነት ጥያቄ አይገጥማቸውም። ከሳሞአ ወይም ከቶንጋ በአጭር የጉብኝት ቪዛ የመጣ ዘመድ ግን የቱንም ያህል ቢታመም እዚህ አይስተናገድም። በ2022 ሐምሌ 1 ቀን ዋይካሃ የተባለ የአካል ጉዳተኞች ሚኒስቴር ተቋቁሞ ነበር፤ በ2024 መስከረም የድጋፉ ሥራ ወደ ማኅበራዊ ልማት ተዛወረ። ለፓስፊክ ሕዝቦች፣ ማለትም ከእነዚህ ደሴቶች ለመጡት፣ ፋይቫ ኦራ የተባለ አገር አቀፍ ዕቅድም ከ2016 እስከ 2021 ነበር። በሩ ላይ ያለው ስም ቢቀያየርም ቤት መጥቶ የሚጠይቀው ሠራተኛ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ብዙም አልተለወጡም።

በ2013ቱ የአካል ጉዳት ጥናት የፓስፊክ ሕዝቦች የጉዳት መጠን 19 ከመቶ ሲሆን የመላው አገሪቱ 24 ነበር። ጤነኞች ናቸው ማለት ግን አይደለም። ሕዝቡ ወጣት ነው፤ የዕድሜ ልዩነቱ ሲስተካከል ቁጥሩ ወደ 26 ይወጣል።

ድጋፍ የሚጀምረው ናስክ ከሚባለው የፍላጎት ምዘና ነው፤ በኦክላንድ ይህን የሚሠራው ታይኩራ ትረስት ነው። ሐኪም ሊልክ ይችላል፤ ቤተሰቡም ራሱ መደወል ይችላል። ጉዳቱን የሚያሳይ የሐኪም ወረቀት ከሌለ ጉዳዩ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን በእጅ ማድረግ ነው። መዛኙ ቤት ይመጣል፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው። «ልጁ ራሱ ይበላል?» ሲባል እናት «አዎ፣ ይበላል» ትላለች። ሥጋውን የሚቆርጥለት፣ ቀና አድርጎ የሚያስቀምጠው፣ ትን እንዳይለው አጠገቡ አርባ ደቂቃ የሚቀመጥ ሰው መኖሩ አይነሳም፤ እሷ ይህን እንደ ሥራ አትቆጥረውም። «ሌሊት ይተኛል?» «ይተኛል።» ሁለት ጊዜ ተነስቶ ጎኑን የሚያዞረው ታላቅ ወንድሙ ነው። በእንግዳ ፊት ስለቤት ሸክም ማማረር ነውር በሆነበት ባህል ይህ መልስ ጨዋነት ነው፤ ቅጹ ላይ ግን «ዝቅተኛ ፍላጎት» ሆኖ ይሰፍራል። የሚፈቀደው ሰዓት ከዚህ ወረቀት ስለሚወጣ በኋላ ማስተካከሉ ወራት ይፈጃል።

መፍትሔው ከምዘናው በፊት ለአንድ ሳምንት መመዝገብ ነው። በተራ ደብተር ላይ ሰዓቱ፣ ምን ተሠራ፣ ማን ሠራው፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ስንት ሰው አነሳው ይጻፍ። የከፋውን ቀን መዝለል አይገባም፤ መዛኙ የሚያየው አንድ ቀን ስለሆነ ደህናው ቀን ከሆነ ያንኑ ይወስዳል። ምዘናው ሲያልቅ የጽሑፉን ቅጂ ጠይቆ ማንበብ፣ የተሳሳተውን ማሳረም መብት ነው።

ብዙ መዛኞች የሚስቱት ሌላም ነገር አለ። ቤት ውስጥ አሥር ሰው ሲያዩ አሥር ተንከባካቢ አለ ብለው ይደመድማሉ። በቶንጋ ወግ በወንድምና በእህት መካከል ፋካአፓአፓ የሚባል ጥብቅ የመከባበር ወሰን አለ፤ በሳሞአም ፌአጋይጋ የሚባለው ቃል ኪዳን ወንድምና እህትን እንዲሁ ያስተሳስራል። ያደገች እህት ያደገ ወንድሟን ታጥባለች ብሎ ማሰብ ስለዚህ ባዶ ሒሳብ ነው። ይህ በግልጽ ተነግሮ ወንድ ሠራተኛ እንዲመደብ መጠየቅ አለበት፤ ካልተጠየቀ ማንም አይገምተውም።

አስተርጓሚን በተመለከተ የታካሚዎችና የተጠቃሚዎች መብት ደንብ (የ1996) አስፈላጊና ሊቻል በሚችልበት ሁሉ ብቁ አስተርጓሚ ማግኘትን ይጨምራል። ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ አስተርጓሚው የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሰው ሆኖ ይገኛል፤ ያኔ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም መጠየቅ ይሻላል።

ከተፈቀደ በኋላ ከሚሰጡት መካከል ምርጡ ግላዊ በጀት የሚባለው ነው፤ ቤተሰቡ ገንዘቡን ይዞ ራሱ ሠራተኛ ይቀጥራል። እሑድ ጠዋት ለአምልኮ ለሁለት ሰዓት ያህል የሚረዳ ሰው ለሚፈልግ ቤት ይህን የሚተካ የለም፤ በድርጅት በኩል የሚመጣን ሠራተኛ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚወስነው ድርጅቱ ነውና። እሑድ በሕግ እንደ ማንኛውም ቀን ይከፈላል፤ የሕዝብ በዓል ግን አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ የገናንና የፋሲካን ሰሞን በጀት ሲያወጡ ይህን ማስላት ያስፈልጋል። ሸክሙ የአሠሪነት ሥራ ነው፦ የጽሑፍ የሥራ ውል፣ የግብር ቅነሳ፣ የእረፍት ፈቃድ ክፍያ፣ ኪዊሴቨር የሚባለው የጡረታ ቁጠባ። የደመወዙን ዝግጅት በጀቱን ለሚከታተለው አስተናጋጅ ድርጅት መስጠት ይቻላል፤ መስጠቱን እንደ ግዴታ መቁጠር ይበጃል። የቤተሰብ አባልን በክፍያ መቅጠርም ከ2020 ወዲህ ሰፍቷል፤ በ2013 የወጣው ገዳቢ ሕግ ተሽሮ ባልና ሚስትም ሊከፈላቸው ይችላል።

ደካማው የተንከባካቢ እረፍት፣ ማለትም ዋናው ተንከባካቢ ሲያርፍ ለሚተካው ሰው የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ከ4 እስከ 8 ሰዓት የሚዘልቅ እረፍት ግማሽ ቀን፣ ከዚያ በላይ ሙሉ ቀን ተብሎ ይቆጠራል፤ የቀን ክፍያው ግን ሙሉ ቀን የሚቆይ ሰው ለመቅጠር አይበቃም። የሚያዋጣው በአክስትና በአጎት ልጅ በኩል ሲሠራ ነው። በ2024 መጋቢት በዚህ ገንዘብ ምን መግዛት እንደሚቻል የሚወስነው መመሪያ በድንገት ሲጠብቅ ብዙ ቤተሰብ ግራ ተጋብቶ ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመግዛት በፊት በዚያ ቀን የሚሠራውን መመሪያ አስተባባሪው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ነው። ደረሰኝ ይዞ በኋላ መከራከር አያዋጣም።

በመሣሪያና በቤት ማሻሻያ በኩል አገልግሎቱ ከሞላ ጎደል ጥሩ ነው። በኦክላንድና በሰሜኑ አክሰሰብል፣ በሌላው አገር ኢኔብል ያቀርባሉ፤ ጥያቄውን የሚያስገባው የሙያ ቴራፒስት፣ ማለትም ሰውየው የዕለት ኑሮውን እንዲያከናውን የሚያግዝ ባለሙያ ነው። ችግሩ ልኬት ላይ ይመጣል። መወጣጫ ለአንድ ሴንቲሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ሦስት ባለ 18 ሴንቲሜትር ደረጃ 54 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ መወጣጫው 6.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ግቢ ይህን ቀጥ አድርጎ አይችለውም፤ መታጠፊያ ያስፈልገዋል። የበሩ ክፍት ስፋት 760 ሚሊሜትር መሆኑ ዊልቸሩ ከመታዘዙ በፊት ይለካ። የሻወር ወንበርና የሰው ማንሻ ላይ የሚሸከመው ክብደት ተለጥፏል፤ ትልቅ ሰውነት ያለው ሰው ክብደቱን አፍሮ ቀንሶ ከተናገረ መሣሪያው ይሰበራል፤ ስለዚህ እዚያው ተመዝኖ መናገር ነው። ፋላ የሚባለው የተጠለፈ ምንጣፍ ደግሞ የዊልቸሩን የፊት ጎማ ይይዛል፤ ጨርሶ ማንሳት ካልተቻለ ከመተላለፊያው ማሸሽ ይበቃል። የኪራይ ቤት ከሆነ ደግሞ ያለ አከራዩ ፈቃድ ግድግዳ አይነካም፤ ፈቃዱ በጽሑፍ ይጠየቅ።

በፓስፊክ ሰዎች ለፓስፊክ ሰዎች ከሚሠሩት መካከል ቫካ ታውቱዋ በአካል ጉዳት ድጋፍ ላይ ያለ ሲሆን፣ ሌ ቫ ደግሞ የሌሎችን ድርጅቶች ሠራተኞች ባህሉን ያስተምራል። አንድ ቤተሰብ በሩን ብቻውን ከማንኳኳት በእነሱ በኩል ቢሄድ ይሻላል፤ ምዘናው ላይ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ማግኘት ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

በስደተኞች ኮታ መጥተው በኒውዚላንድ የሰፈሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችም የሚገቡት በዚሁ በር ነው። «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልሳችን ቅጹ ላይ የሚያደርገው ጉዳት ከሳሞአዋ እናት መልስ አይለይም፤ ደብተሩ ለእኛም ይሠራል።

በውሳኔው ያልተስማማ ሰው መጀመሪያ ዳግም ምዘና ይጠይቅ፤ ሁኔታው ከተለወጠ፣ ለምሳሌ ዋናው ተንከባካቢ ከታመመ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መደወል ይቻላል። አገልግሎቱ ራሱ ክብር የነሳ ከሆነ ቅሬታው የሚቀርበው ለጤናና አካል ጉዳት ኮሚሽነር ነው። ከዚያ በፊት ግን በየከተማው ያሉት የመብት አማካሪዎች ያለ ክፍያ አብረው ይጽፋሉ፣ ስብሰባ ላይም አብረው ይገኛሉ፤ ከድርጅቱ ጋር ግንኙነቱ ሳይቆረጥ ነገሩ እንዲፈታ ለሚፈልግ ቤተሰብ በእነሱ መጀመሩ ይመረጣል።