በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠውን «የጠላቂ ላስቲክ» ገዝታችሁ በቤት የስፖርት ባንድ እንዳትሠሩ

ሐዋሳ ውስጥ በቤታችሁ በባንድ፣ ማለትም እየተለጠጠ ጡንቻ በሚያሠራው ጎማ፣ ስፖርት የምትሠሩ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘባችሁን አታውጡ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በከተማችን አንዳንድ ሱቆችና በቴሌግራም ቢጫ የጎማ ቱቦ በሜትር እየተቆረጠ ይሸጣል። «ንጹህ ላቴክስ ነው፣ ባሕር ውስጥ ዓሣ የሚያድኑ ጠላቂዎች ለጠመንጃቸው የሚጠቀሙበት ነው፣ እጀታና መንጠቆ ጨምራችሁ ብትሠሩት ከተዘጋጀው ባንድ በግማሽ ዋጋ ያልቅላችኋል» እየተባለ ነው የሚሸጠው፤ ላቴክስ የሚባለው ከዛፍ ፈሳሽ የሚሠራው የተፈጥሮ ጎማ ነው። አያልቅላችሁም። ዋጋው አይቀንስም፣ እኔ ያየሁት ቱቦም የተባለው ዕቃ አልነበረም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሲበጠስ ወደ ፊታችሁ መምጣቱ ነው።

የእህቴ ልጅ በዚህ ቱቦ የሠራውን ባንድ በር ላይ አስሮ ሲስብ ማሰሪያው ሾልኮ ጫፉ ዓይኑን መታው። የዓይኑ የፊት ክፍል ውስጥ ደም ፈሰሰ። ብዙ ቀን ጭንቅላቱን ከፍ አድርጎ ተኛ፣ ጠብታ ተደረገለት። እግዚአብሔር ይመስገን አሁን ያያል። ሐኪሙ ግን እንዲህ ያለ ምት ከዓመታት በኋላም የዓይን ግፊት ሊያመጣ ስለሚችል በየጊዜው መታየት አለብህ ብሎታል። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሱቁን ስም የማልጠራው ቱቦው ከአንድ በላይ ቦታ ስለሚሸጥ ነው፤ አንዱን ብጠራ ሌላው ጋ ሄዳችሁ ትገዛላችሁ።

ዋጋውን በአጭሩ ልጨርሰው። እኔ ስጠይቅ አንዱ ሜትር 550 ብር ተባልኩ። ለአንድ ሰው ሦስት ሜትር ያስፈልጋል፣ ይህ 1,650 ብር ነው። እጀታው 400፣ መንጠቆው 200 ብር። በድምሩ 2,250 ብር። በዚያው ሳምንት የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው አምስት ባንዶች ከነእጀታቸውና ከነበር ማሰሪያቸው በ1,800 ብር ሲሸጡ አይቻለሁ። «ግማሽ ዋጋ» የሚሉት ቱቦውን ብቻ ቆጥረው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የጠላቂዎቹ ነገር ከየት መጣ? እኛ ሐይቃችን ላይ ቆሮሶና አምባዛ የምናወጣው በመረብና በመንጠቆ ነው፤ ጠመንጃው የባሕር ዕቃ ነው። ባሩድ የለውም፤ የተለጠጠ ጎማ ነው ብረቱን የሚወረውረው። ብዙ ጠላቂዎች ይህን ጎማ በቤታቸው ይሠራሉ፣ የሚሠሩበትም ቪዲዮ በየቦታው ሞልቷል። ሻጮቹ የሚያሳዩአችሁ እሱን ነው። ቪዲዮው ውሸት አይደለም። ሰዎቹ ግን ምን ይዘው እንደሚሠሩ ልብ በሉ። የሚገዙት ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ወፍራም ላቴክስ ነው፤ 14 ወይም 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ መሐል ያለው ቀዳዳ በጣም ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ከሚያውቁት አምራች፣ ትኩሱን ይገዛሉ። ባሕር ገብተው ሲወጡ በንጹህ ውሃ ያጥቡታል፣ ጨለማ ቦታ ያስቀምጡታል፣ ትንሽ ስንጥቅ ሲያዩ ይጥሉታል። ብዙዎቹ ስንጥቅ ሳይጠብቁም በየወቅቱ ይቀይሩታል። ደግሞም ጎማው ሲበጠስ ውሃው ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፣ ዓይናቸው ላይም የመጥለቂያ መነጽር አለ። እኛ ሳሎን ውስጥ ስንስብ ውሃም መነጽርም የለም፤ የጎማው ሌላኛው ጫፍ የታሰረው በር ላይ ወይም እግራችን ሥር ስለሆነ መመለሻው ፊታችን ነው።

እዚህ የሚሸጠውን ቱቦ ገልብጬ አይቼዋለሁ። ቀዳዳው ሰፊ፣ ግድግዳው ስስ ነው። መቼ እንደተመረተ የሚናገር ነገር የለበትም፣ ምክንያቱም ተቆርጦ የሚሸጥ ዕቃ ካርቶኑን ይዞ አይመጣም። ለጎማ ደግሞ ዕድሜ ማለት ሁሉ ነገር ነው። የተፈጥሮ ላቴክስ ፀሐይ ይገድለዋል፣ ሙቀት ይገድለዋል፣ አየር ውስጥ ያለው ኦዞን የሚባል ጋዝ ይሰነጥቀዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የፀሐዩ ጨረር ከባሕር ዳርቻው ይበረታል። ሱቁ ግን ቱቦውን በሩ ላይ፣ ለመንገደኛ እንዲታይ፣ ፀሐይ ላይ ነው የሚሰቅለው! ኦዞን ደግሞ የሚጎዳው ተወጥሮ የቆየን ጎማ ነው። ሚስማር ላይ ተወጥሮ ወይም ጥቅል ላይ ተጠምዞ ወራት ያሳለፈ ቱቦ ከመሸጡ በፊት የተሰነጠቀ ነው፤ ስንጥቁ ከመወጠሩ አቅጣጫ ጋር ተሻግሮ፣ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ስለሚወጣ በዓይን ቶሎ አይታይም። ላዩ ላይ ፓውደር ይነሰነስበታል። ፓውደር በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፣ አዲስ ላቴክስም እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ይነሰነስበታል። ስንጥቁን መሸፈኑ ግን አይቀርም። ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ጠይቁ፣ ጥረጉት፣ ብርሃን ላይ ለጥጣችሁ እዩት። ነጭ ነጭ መስመር ካያችሁ መልሱለት።

ሁለተኛ ፈተና አለ፣ ሻጩ ፊት የሚደረግ። በእስክሪብቶ አሥር ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጉበት። ሠላሳ እስኪሆን ሳቡት፣ ጥቂት ያዙት፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ደህና ላቴክስ ወደ አሥር ይመለሳል። አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ሆኖ ከቀረ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ላቴክስ አይደለም። ሻጩ «ፈተናው ያበላሽብኛል» ካለ መልሱን አግኝታችኋል። ጠላቂዎቹ የሚስቡት ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ነው፣ «የጠላቂ ላስቲክ» የተባለ ዕቃ ይህን ካልቻለ ምኑን ነው የሚሸጡት?

ሦስተኛው በቤት የሚሆን ነው። ከጫፉ እንደ ቀለበት ስስ አድርጋችሁ ቁረጡና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉት፤ አየር እንዳይዝ በጣታችሁ ውሃው ውስጥ እሹት። ንጹህ የተፈጥሮ ላቴክስ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። ፒቪሲ ፕላስቲክ ይሰምጣል። አንዳንድ ሌላ ሰው ሠራሽ ጎማም ስለሚንሳፈፍ መንሳፈፉ ብቻውን ዋስትና አይሆናችሁም፤ መስመጡ ግን «ንጹህ ላቴክስ» የሚለውን ያፈርሰዋል። የእህቴ ልጅ ቱቦ ሰመጠ። በእሳት እንፈትነው የሚሉ አሉ፣ እባካችሁ ተዉት፣ የፒቪሲ ጭስ ሳንባን ይጎዳል።

ቱቦው እውነተኛና አዲስ ቢሆን እንኳ ማሰሪያው ይቀራል። ሻጩ ሱቁ ውስጥ ቱቦውን መሐሉን ይዞ ሲስብላችሁ አትደነቁ። ጎማ የሚበጠሰው መሐሉ ላይ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የታሰረበት ቦታ ላይ ነው። ኃይሉ ሁሉ እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻል። ጠላቂዎቹ ጫፉን የሚያስሩት ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ መሰኪያ አስገብተው፣ በላዩ ላይ በማይለጠጥ ጠንካራ ክር፣ ጎማውን እርጥብ አድርገውና ወጥረው ነው። ክሩ ጎማውን ሳይቆርጥ አንቆ ይይዘዋል። ይህ በእጅ የሚለመድ ሙያ ነው፣ ስንት ጎማ ተበላሽቶ የሚገኝ። ሻጩ ከቱቦው ጋር የሚሰጣችሁ መመሪያ ግን «በሽቦ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት» ይላል።

ሽቦ አይሆንም። ብረቱ በተሳበ ቁጥር ጎማውን እንደ ምላጭ ይበላዋል። ብዙ ሰው ቤቱ ያገኘውን የመብራት ገመድ ልጦ ውስጡን የመዳብ ሽቦ ነው የሚጠቀመው፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። መዳብ ለተፈጥሮ ጎማ መርዝ ነው፤ የነካውን ቦታ ከአየር ጋር ቶሎ እንዲበላሽ ያደርገዋል፣ ጎማው እዚያ ቦታ ላይ ይልምና ይጣበቃል፣ ከዚያ ይቆረጣል። የውሃ ጎማ ማጥበቂያው የብረት ቀለበትም ጠርዙ ስለት ነው። ዝም ብሎ ቋጠሮ መቋጠርም አያዋጣም፣ ለስላሳ ቱቦ ሲሳብ ይቀጥናልና ከቋጠሮው ይሾልካል። የእህቴ ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ቤት ስለማየው ነው። ባንዱ ሲደርቅ ቫዝሊን ወይም ቅቤ የሚቀቡ አሉ። ቅባት ላቴክስን ያሳብጠዋል፣ ጥንካሬውን ያሳጣዋል። ለጡንቻ ሕመም የምትቀቡት ቅባትም እጃችሁ ላይ ካለ ሳትታጠቡ ባንዱን አትንኩ። የላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ጭራሽ አይጠጋው፤ ቆዳን ከማሳከክ አልፎ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል።

«እንግዲያው ጎሚስታ ጋ ሄደን አሮጌ ካላማዳሪ በነፃ እንውሰድ» የሚል ይኖራል። ከቱቦው ይሻላል፣ ቢያንስ ገንዘባችሁን አልበላም። ግን ብዙው ካላማዳሪ የተሠራው ቡቲል ከሚባል ጎማ ነው። አየር አጥብቆ ስለሚይዝ ለጎማ ውስጥ ተመረጠ፤ ተለጥጦ መመለስ ላይ ግን ሰነፍ ነው። በምላጭ ስትቆርጡት ጠርዙ ላይ የሚቀረው ትንሽ ጭረት በተለጠጠ ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል። ዕቃ ለመጫን ይሁን፣ ፊት ለፊት ለመሳብ ግን አልመክርም።

ገንዘብ መቆጠብ ለፈለገ ሰው እኔ የምለው ጎማውን ጭራሽ መተው ነው። ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ወደ አምስት ኪሎ ይመዝናል፣ ባለ ሃያው ሃያ ኪሎ። ክብደቱን ውሃ በመጨመርና በመቀነስ ታስተካክላላችሁ። ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር የሚሠሩትን ወጣቶች እዩ፣ ፑሽ አፕና ዝላይ ብቻ ይዘው የደረሱበትን። ባንድ ካስፈለጋችሁ መቋጠሪያ የሌለውን፣ ከፋብሪካ ክብ ሆኖ የወጣውን ጠፍጣፋ ባንድ ግዙ፤ የሚሾልክ ጫፍ የለውም። እሱንም ከመሳባችሁ በፊት ዙሪያውን እዩት፣ በፊታችሁ አቅጣጫ አትሳቡት፣ መስኮት ዳር አትስቀሉት።

ቱቦውን አስቀድሞ ገዝቶ የሠራ ሰው ዛሬውኑ ያቁም። ልጆች ወንጭፍ እንዳይሠሩበት ቆራርጣችሁ ጣሉት፤ ገንዘባችሁን ልታስመልሱ ከሆነ ግን ሳትቆርጡ አስቀምጡት። ጎማው ዓይናችሁን ከመታችሁ፣ ማየት ብትችሉም እንኳ፣ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ዓይኑን አትሹት፣ ምንም ነገር አትጫኑበት፣ ጭንቅላታችሁን ከፍ አድርጉ። ለሕመሙ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፊን አትዋጡ፣ መድማቱን ሊያባብሱት ይችላሉ። ከኛ ቤት የጠቀመን በፍጥነት መሄዳችን ነው ብሎናል ሐኪሙ።

ገንዘብ ስለማስመለስ፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይህን አይሽረውም። የሰመጠውን ቀለበትና በእስክሪብቶ ምልክት ያደረጋችሁበትን ቱቦ ይዛችሁ ሂዱ። እህቴ ስትሄድ ሻጩ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ደረሰኙን ስታሳየው ግን ቱቦውን ተቀብሎ ገንዘቡን ቆጠረላት። አብሯት የሄደው ጎረቤታችን ያለ ደረሰኝ ስለገዛ ባዶ እጁን ተመለሰ። በቴሌግራም የምትገዙ ደግሞ የተባባላችሁትን መልእክትና የባንክ ዝውውሩን ማስረጃ አታጥፉ፤ አቤቱታ ይዛችሁ ንግድ ቢሮ ስትሄዱ የምታሳዩት እሱን ነው።