ባቡር የለቀቀው ተራራ፦ ከኩምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ በብስክሌት

በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ከኩምበርላንድ ከተማ ተነሥቶ በፔንስልቬንያ ፒትስበርግ ላይ የሚያበቃው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ፣ ሃዲዱ ተነቅሎ በተረፈው መሬት ላይ የተሠራ የ240 ኪሎ ሜትር የብስክሌትና የእግር መንገድ ነው። ባለፈው መስከረም ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በአራት ቀን ጨርሰነዋል። መግቢያው ነጻ ስለሆነ የሚመዘነው በገንዘብ ሳይሆን በሚወስደው ጊዜና ጉልበት ነው፤ በእኔ ፍርድ አራቱም ቀናት አያስቆጩም፣ ሳይዘጋጁ መሄድ ግን ያስቆጫል።

እኔ ዳገት የሚወድ ሰው አይደለሁም። የአሌጌኒን ተራሮች በብስክሌት እንሻገር ስባል መጀመሪያ የታየኝ ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግሬ ስወጣ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ መጀመሪያ የተቀየሰው ጭነት ለሚጎትት ባቡር ነው፤ ባቡር ደግሞ ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይሆንለት፣ የዌስተርን ሜሪላንድ ምድር ባቡር መሐንዲሶች ተራራውን አንዳንዴ እየዞሩ፣ አንዳንዴ እየበሱ፣ ሸለቆውንም በረጃጅም ድልድዮች እየተሻገሩ መስመሩን አለሳልሰው አሳልፈውታል። በዚህ የተነሣ ከኩምበርላንድ እስከ ከፍተኛው ቦታ ድረስ ያለው 38 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በየ100 ሜትሩ ሁለት ሜትር እንኳ አይነሣም። ቀላል ማርሽ አስገብቶ፣ እያወሩ መውጣት ይቻላል። የሚያስቸግረው የዳገቱ ክብደት ሳይሆን እግር የሚያሳርፍ አንድም ቁልቁለት በመካከሉ አለመኖሩ ነው፤ ፍሮስትበርግ ስንደርስ ከጉልበቴ ይልቅ መቀመጫዬ ነበር ያማረረው።

ከፍሮስትበርግ በኋላ ያሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች የጉዞው ሁሉ ምርጥ ክፍል ናቸው። በሜሪላንድና በፔንስልቬንያ መካከል ያለውን የሜሰን ዲክሰን ድንበር አቋርጠው ትንሽ እንደሄዱ ቢግ ሳቬጅ የተባለው ዋሻ ይገኛል። ወደ ዋሻው ከመግባት በፊት ቆም ብሎ ወደ ኋላ ለሚመለከት፣ የወጣበት የሜሪላንድ አገር ተራራ ከተራራ ተደራርቦ ከእግሩ በታች ይታያል። ዋሻው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው መብራትም አለው፤ ቢሆንም ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ከጣሪያውም ውሃ ይንጠባጠባል። ውርጭ እንዳይጎዳው ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ድረስ በሮቹ ስለሚዘጉ፣ ጉዞውን ከዚያ ወቅት ውጭ ማድረግ ግድ ነው። ከዋሻው ወዲያ 729 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ ይከፈላል፤ በምሥራቅ በኩል የዘነበው ወደ አትላንቲክ፣ በምዕራብ በኩል የዘነበው ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል። ከዚያም ሜየርስዴል ታልፋ፣ 582 ሜትር የሚረዝመው የሳልስበሪ ድልድይ ይመጣል። እኛ ድልድዩ ላይ ቆመን ሳለ ከሥራችን የጭነት ባቡር አለፈ፤ ባቡር ከተወው ድልድይ ላይ ሆኖ ባቡርን ቁልቁል ማየት እንግዳ ነገር ነው።

ብዙዎች ከፒትስበርግ ይነሣሉ። እኔ ከኩምበርላንድ መነሣትን እመርጣለሁ፤ ዳገቱ በመጀመሪያው ቀን ስለሚያልቅ ቀሪው 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ይህ ሲባል ግን ፔዳል ሳይመቱ ይወረዳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ኮንፍሉዌንስ ከተባለችው ትንሽ ከተማ በኋላ መሬቱ ለዓይን ሜዳ ነው፤ ነፋስ ከፊት ከመጣ ቁልቁለቱ ጨርሶ ይረሳል።

መንገዱ በአብዛኛው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈበት ሲሆን፣ ሲደርቅ ጠንካራ፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ጎማ ይዞ የሚያዘገይ ነው። የእኔ ጎማ 38 ሚሊ ሜትር ስፋት ስለነበረው አልተቸገርኩም፤ የጓደኛዬ ቀጭን ጎማ ግን ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። መኪና በአጠገብ አያልፍም፤ አልፎ አልፎ የገጠር መንገድ የሚያቋርጠው ቦታ ግን ስላለ እዚያ መቆም ያስፈልጋል። ከኦሃዮፓይል አካባቢ የዮኮጌኒን ወንዝ ተከትሎ በጫካ ውስጥ የሚያልፈው ክፍል ከሁሉ ጸጥተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 መጀመሪያ የተከፈተውም የዚሁ አካባቢ ክፍል ነበር፤ ሥራው እስከ ፒትስበርግ ተጠናቆ የተገናኘው በ2013 ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው መስመር ዛሬም ባቡር ስለሚሄድበት፣ በመንገዱ ዳር የሚያድር ሰው ፊሽካውን ሌሊቱን ሙሉ ይሰማል።

ደካማው ጎን ምግብና ማደሪያ ነው። ትንንሾቹ ከተሞች በጊዜ ይዘጋሉ፤ አንድ ቀን ቀድመን ከፍለን የያዝነው ማደሪያ ደርሰን በሩን የሚከፍትልን ሰው እስኪመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ደጅ ላይ ተቀምጠናል። ለጿሚ ደግሞ ይብሳል። ሁለተኛው ቀናችን ረቡዕ ነበር፤ ያገኘነው የጾም ምግብ የተጠበሰ ድንችና ቅቤ እንዳይነካው የለመንነው ዳቦ ብቻ ነው። ያዳነን ከቤት የያዝነው በሶና ዳቦ ቆሎ ሆነ። በተለይ በሶ ለዚህ ዓይነት ጉዞ የተፈጠረ ይመስላል፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ውሃና ጠርሙስ ካለ ሌላ አይፈልግም።

የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ከማኪስፖርት በኋላ በአስፋልት፣ በቀድሞዎቹ የብረት ፋብሪካዎች ሰፈር ያልፋሉ። ለጉልበት ዕረፍት፣ ለዓይን ግን መሰልቸት ነው፤ ጊዜ ያጠረው ሰው ጉዞውን ከማኪስፖርት በፊት ባለችው ዌስት ኒውተን ላይ ቢያቆም ብዙ አይቀርበትም።

እኛ በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሰዎች ከሌላው የተሻለ ዕድል አለን። ከኩምበርላንድ እስከ ዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ሰፈር 297 ኪሎ ሜትር የሚሆን የጥንት ቦይ ዳር መንገድ ስለሚቀጥል፣ ዘጠኝና ዐሥር ቀን ያለው ሰው እስከ ቤቱ ደጃፍ በብስክሌት ሊመለስ ይችላል። እኛ የተመለስነው በአምትራክ ባቡር ነው። ብስክሌት ይጭናል፣ ቦታው ውስን ስለሆነ ግን ቲኬቱን ቀድሞ መቁረጥ ያሻል፤ ከፒትስበርግ የሚነሣውም ሌሊት ሳይነጋ ነው። ከኮኔልስቪል በኋላ ብርሃን ሲሆን ከወንዙ ማዶ በዛፎቹ መካከል የመጣንበት መንገድ ይታይ ጀመር። ጓደኛዬን ላሳየው ብዬ ዞር ስል አፉን ከፍቶ ተኝቷል።