የሚሳብ የእጅ ፍሬን ወይስ ባለ አዝራር? በወጪ ሲታይ

ያገለገለ መኪና ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ሁሉ ሰሞኑን የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። መልሴን አልደብቅም፤ ገንዘቡን ለሚቆጥር ሰው የሚሳበው ይሻላል።

ባለ አዝራሩ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ ምቾት አለው። ብዙዎቹ መንዳት ስትጀምሩ ራሳቸው ስለሚለቁ ተይዞ የተረሳ ፍሬን ሸራ (እየታከከ መኪናውን የሚያቆመውን ክፍል) አይበላም፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ችግሩ ሲበላሽ ነው። አብዛኞቹ ላይ የሚይዘው የኋላ ካሊፐር (በፒስተን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ላይ የተገጠመ ትንሽ ሞተር ነው። ሸራ ሲቀየር ሞተሩን ወደ ጥገና ሁኔታ ሳያስገቡ ፒስተኑን በጉልበት መግፋት የሞተሩን ጥርስ ሊሰብር ይችላል። የአንዱ ሞተር ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሳበውን ፍሬን የሁለቱን ጎን ካቦ (ፍሬኑን የሚስበውን የብረት ገመድ) ከነሸራው ገዝቶ ይተርፈዋል። ባትሪ የሞተ ቀን ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል፤ መኪናውን ገፍቶ ማንሳት የለም።

የሚሳበው የሚያስቸግረው በካቦው ነው፦ ይረዝማል፣ ሽፋኑ ውስጥ ውሃ ገብቶ ይዝጋል። ስድስት ሰባት ጊዜ ቀጭ ብሎ ይይዝ የነበረው አሥር ካለፈ ይስተካከል። እዚህ ላይ መካኒኩን ተከታተሉት፤ ካቦውን ብቻ አጥብቆ የሚሸኝ ብዙ ነው። ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር፣ ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ክብ ብረት) ባለው መኪና ቀድሞ የሚስተካከለው በሸራውና በታምቡሩ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ካቦ ከዚያ በኋላ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሸራው እየታከከ ያልቃል። ከነዳችሁ በኋላ እጃችሁን ወደ ኋላ ቸርኬዎች አስጠጉ፤ አንዱ ብቻውን የሚፋጅ ከሆነ የታከከው እሱ ነው።

ካቦ ስትገዙ ግን ኮፒ ይቅርባችሁ። እኔ መኪና ላይ የገባው ከኦርጅናሉ ትንሽ ይረዝም ስለነበር ማስተካከያው ብሎን እስከ ጫፉ ጠብቆም ፍሬኑ አልያዘም። ወርዶ ኦርጅናል ሲገባ የእጅ ዋጋው ሁለት ጊዜ ተከፈለ፤ በኮፒው የተረፈች ሳንቲም እዚያው ገባች። ኮፒ ሸራ ከዚህም ይብሳል። ሙጫው ሲለቅ ሸራው ከብረቱ ተላቆ ታምቡሩ ውስጥ ይሰነቀርና ጎማውን ቀፍድዶ ይይዛል።

ከመግዛታችሁ በፊት መኪናውን ዳገት ላይ አቁማችሁ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፤ በእጅ ፍሬኑ ብቻ መቆም አለበት። አውቶማቲክ ከሆነም ወደ ፒ (የማቆሚያው ቦታ) ከመውሰዳችሁ በፊት የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ አለዚያ የመኪናው ክብደት የሚያርፈው ማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ባለችው ትንሽ መያዣ ላይ ነው፤ እሷን ማስቀየር ደግሞ ከካቦና ከሸራ ወጪ ጋር አይወዳደርም።