ተደራዳሪው ራሱ አዛዥ ሲሆን፦ የ«ፍላሽፖይንት» የመጀመሪያ ክፍል

ቶሮንቶ መሀል ከተማ፣ አደባባይ ላይ፣ አንድ ሰው የማያውቃትን ሴት ከፊቱ ጋሻ አድርጎ መሣሪያ ደግኖባታል። ሳጅን ግሬግ ፓርከር (ኤንሪኮ ኮላንቶኒ) እየቀረበ ያናግረዋል። ኤድ ሌን (ሂዩ ዲሎን) ከፍ ካለ ቦታ በጠመንጃው መነጽር ያየዋል። ሰውየው የሚጮኸው በእንግሊዝኛ አይደለም፤ የሚለው አይገባም፣ የሚባለውም የሚገባው አይመስልም። በመጨረሻ በሬዲዮ «ስኮርፒዮ» የሚል ቃል ይሰማል፣ ኤድም ይተኩሳል። ይህን አስቀድሞ መናገር ክፍሉን አያበላሽም። ሌላ ድራማ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው ይሄኛው ዋና ነገሩን የሚጀምረው።

«ፍላሽፖይንት» የተባለው የካናዳ የፖሊስ ድራማ እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2008 በካናዳው ሲቲቪና በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ጀምሮ በዲሴምበር 2012 እስኪያበቃ በአምስት ምዕራፍ 75 ክፍሎች ታይቷል። የመጀመሪያው ክፍል ርዕስም ያው «ስኮርፒዮ» ነው። ለታሪኩ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2004 ቶሮንቶ ዩኒየን ጣቢያ ፊት ለፊት የደረሰ እገታ ነው፤ አጋቹን የገደለው የፖሊስ አነጣጥሮ ተኳሽ ነበር። ፓርከርና ኤድ የሚሠሩበት የፖሊስ ልዩ ቡድን፣ «ስትራቴጂክ ሪስፖንስ ዩኒት»፣ የፈጠራ ስም ሲሆን የተቀዳው ከከተማዋ ፖሊስ እውነተኛ ልዩ ቡድን፣ ከ«ኢመርጀንሲ ታስክ ፎርስ» ነው።

መጀመሪያ ከሚያስመሰግነው ነገር እንነሳ። በእገታ ድራማ የተለመደው አጋች ሚሊዮን ብርና አውሮፕላን ይጠይቃል፣ የግድግዳ ሰዓት ይቆጥራል። እዚህ ያለው ሰው የሚጠይቀው ነገር የለም። በሙያው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ጥያቄ ያለው አጋች ታጋቹን የሚይዘው እንደ መገበያያ ነው፤ ታጋቹ ከሞተበት እጁ ባዶ ይቀራል፣ ስለዚህ በሕይወት ማቆየቱ ለራሱም ይጠቅመዋል። ጥያቄ የሌለው፣ ንዴትና ተስፋ መቁረጥ ያሰከረው ሰው ዘንድ ግን የምትለዋወጥ ነገር የለም። በምግብ፣ በውሃ፣ በሲጋራ አንድ አንድ ሰው ማስለቀቅ አይቻልም። የቀረው መሣሪያ ጆሮ ብቻ ነው፦ ማዳመጥ፣ የተናገረውን መልሶ ማሰማት፣ ስሜቱን በስሙ መጥራት፣ ዝም ማለት። ክፍሉ ይህን አውቆ ነው ሰውየውን ያለ ጥያቄ ያቆመው፤ የፓርከርም ጭንቀት ከዚህ ይመነጫል።

የፍጥጫውን ማጠር የሚነቅፉ አሉ። እዚህ ላይ ጸሐፊዎቹ ልክ ናቸው። በእገታ ውስጥ በጣም አደገኛዎቹ ጊዜያት ሦስት ናቸው፦ የመጀመሪያዎቹ ከ15 እስከ 45 ደቂቃዎች፣ እጅ የሚሰጥበት ቅጽበት፣ ፖሊስ ሰብሮ የሚገባበት ቅጽበት። ሰዓት የፖሊስ ወዳጅ ነው የሚባለው ያ የመጀመሪያው እሳት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሰው ይደክማል፣ ይርበዋል፣ ንዴቱ ይበርዳል። የዚህ ክፍል አጋች እዚያ አይደርስም። ደግሞም ውጭ ነው የቆመው፤ የሚዘጋ በር፣ የሚቀመጥበት ወንበር፣ የሚደወልለት ስልክ የለውም። ክፍት ሜዳ ላይ ሰውን ማቀዝቀዝ ከባንክ ውስጥ ይልቅ እጅግ ይከብዳል።

ትልቁ ስህተት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ፓርከር ይደራደራል፣ እዚያው ደግሞ ቡድኑን ያዛል፣ «ስኮርፒዮ» የሚለውም እሱ ነው። በዚህ ሙያ ግን የመጀመሪያው ደንብ ተደራዳሪ አያዝም፣ አዛዥ አይደራደርም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የእስራኤል ስፖርተኞች ታግተው ከተገደሉበት የሙኒክ ኦሎምፒክ እልቂት በኋላ የኒው ዮርክ ፖሊሶቹ ሃርቪ ሽሎስበርግና ፍራንክ ቦልዝ ዘመናዊውን የድርድር አሠራር ሲቀርጹ ጀምሮ የቆመ ደንብ ነው። ምክንያቱ የሥልጣን ሽኩቻ አይደለም። አጋቹ «መኪና አምጣ» ሲል ተደራዳሪው «እኔ ልሰጥህ አልችልም፣ አለቃዬን ልጠይቅልህ» ማለት መቻል አለበት። ይህች ዓረፍተ ነገር ሃያ ደቂቃ ትገዛለች፤ «አይሆንም» የሚለውን ቃል ከተደራዳሪው አፍ ታወጣና ራቅ ወዳለ፣ ወደማይታይ ሰው ትወስዳለች። ተደራዳሪውም ከአጋቹ ጎን የቆመ ሰው ይመስላል። አዛዥ መሆኑ የታወቀ ተደራዳሪ ይህን ሁሉ ያጣል፦ ወይ ይሰጣል፣ ወይ ይከለክላል፣ መሀል የለም።

ሁለተኛውም ምክንያት ቀላል አይደለም። አንድን ሰው ለማዳን ከልቡ ሲያናግር የቆየ ሰው ተኩሱ የሚያስፈልግበትን ሰዓት አጥርቶ ላያይ ይችላል፤ «አንድ ደቂቃ ብቻ ስጡኝ» እያለ ሊያሳልፈው ይችላል። ስለዚህ ነው ከዋናው ተደራዳሪ አጠገብ ሌላ አማካሪ የሚቀመጠው፦ ያዳምጣል፣ በብጣሽ ወረቀት ማስታወሻ ያቀብላል፣ ሰውየው የጠቀሰውን ስም ሁሉ ይመዘግባል፣ አስፈላጊ ሲሆን ይተካል። ፓርከር ይህን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል። ለድራማ ግን ይኸው ስህተት ሲሳይ ሆኗል፤ «ስኮርፒዮ» የሚለው ድምፅ ከአንድ ደቂቃ በፊት ሰውየውን ሲለምን የነበረው ያው ድምፅ ነው። ኮላንቶኒ ቃሏን ሳይጮህ፣ እንደ ደከመው ሰው ነው የሚያወጣት። የክፍሉ ምርጥ ትወና እዚያች አንድ ቃል ላይ ነው።

ፊት ለፊት መደራደሩም ከደንቡ ውጭ ነው፤ በተቻለ መጠን በስልክ፣ ካልሆነም ከመከለያ ጀርባ ነው የሚነገረው። አደባባዩ ላይ አማራጭ ስለሌለ ይታለፍ።

የቋንቋው ጉዳይ በደንብ ተነክቷል፤ ትንሽ ቢቆዩበት ግን ምን ነበረበት። አስተርጓሚ መጣ ማለት ድርድር ተጀመረ ማለት አይደለም። ጥሩ አስተርጓሚ «ተናድጃለሁ ይላል» አይልም፤ «ተናድጃለሁ» ብሎ በሰውየው አንደበት ይናገራል፣ ከራሱ ምክር አይጨምርም። የአጋቹን ዘመድ አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ ትልቅ ቁማር ነው። የጠቡ መነሻ ያ ዘመድ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሰውየው ሊሰናበተው ብቻ ሲጠብቀው ይሆናል።

ወደ ተኩሱ እንምጣ። ለምን «ተኩስ» አይባልም፣ ለምን «ስኮርፒዮ»? የመገናኛ ሬዲዮ ቁልፉ እስኪያዝ ድረስ የመጀመሪያዋን ድምፅ ይበላል። በእኛው ቋንቋ ብናስበው «አትተኩስ» የሚለው ትእዛዝ መነሻው ተቆርጦ ሲሰማ «ተኩስ» ይሆናል። በሌላ ወሬ መሀል የማይገባ፣ ተቆርጦም ትርጉሙ የማይገለበጥ ቃል የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ስለ ርቀቱም ክፍሉ አያጋንንም። የፖሊስ ተኳሽ በአብዛኛው የሚተኩሰው ከ100 ሜትር በታች ነው፤ በዚያ ርቀት ነፋስ ጥይቱን ቢያንቀሳቅስ አንድ ጣት ስፋት ቢሆን ነው። የሚያነጣጥረው የአንጎል ግንድ ላይ ነው፤ እዚያ የተመታ ሰው ቃታ ለመሳብ እንኳ ጣቱ አይታዘዝለትም። ከዚያ ውጭ የተመታ ሰው እጅ ግን ሊጨበጥ ይችላል፣ ሴትየዋም አብራው ትሞታለች። ድራማዎች ከነጭራሹ የማያነሱት ሌላ ጣጣም አለ። መነጽሩ ከአፈሙዙ በላይ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ጣሪያ ላይ የተኛ ተኳሽ በመነጽሩ ኢላማውን ጥርት አድርጎ እያየ ጥይቱ ከፊቱ ያለውን የሲሚንቶ ጠርዝ ሊመታ ይችላል። አጠገቡ የሚተኛው ተመልካች ጓደኛው ከሚያጣራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ኤድ በካሜራው ዓይን ብቸኛ ሰው መምሰሉ ያምራል እንጂ፣ ሥራው የሁለት ሰው ነው።

ከጥይቱ በኋላ ያለው ክፍል ያለ ይሉኝታ ምርጥ ነው። ጭብጨባ የለም፣ «ጀግና» የለም። የኤድ ጠመንጃ ማስረጃ ሆኖ ይወሰዳል፤ እሱም ከጓደኞቹ ተነጥሎ ለብቻው ይቀመጣል። ብዙ ተመልካች ይህን እንደ በደል ያየዋል። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሕግ ግን ፖሊስ ሰው ሲገድል ጉዳዩ ከፖሊስ እጅ ወጥቶ ወደ ልዩ ምርመራ ክፍሉ ይሄዳል፤ ይህ ሲቪል ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። መለየቱ ቃል እንዳይመሳጠር ነው። ምስክር የሆኑት ፖሊሶች ቃላቸውን የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ ተኳሹ ግን እንደማንኛውም ተጠርጣሪ ዝም የማለት መብት አለው። ኤድ የሚያውቀው ሕጉን ነው፤ ዲሎን የሚያሳየን ደግሞ ሕጉን ማወቅ ባዶ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ምን ያህል ትንሽ እንደሚጠቅም ነው። መርማሪዎቹም ክፉ ሰዎች ሆነው አለመሣላቸው ያስመሰግናል፤ ጥያቄያቸው ደረቅ ነው፣ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር ግን አለ። እውነተኛው ምርመራ ወራት ይፈጃል። በሁለተኛው ክፍል ኤድ መሣሪያውን ታጥቆ ሥራው ላይ ነው።