ከፒያሳ በረንዳ የገዛሁት የፈረሱ ቤቶች መጽሐፍ

ደሴ ፒያሳ በረንዳ ላይ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ አንድ ልጅ አለ። ሳላስፈቅደው ስሙን አልጽፍም። መጽሐፎቹን ላስቲክ ላይ ይደረድራል፤ ዝናብ ሲመጣ በዚያው ላስቲክ ይጠቀልላቸዋል። ሦስት ዓመት ደንበኛው ነኝ። ሙያዬ አናጢነት ነው። ከእሱ የምገዛው ባብዛኛው የአማርኛ ታሪክ ነው። ባለፈው ወር ግን ሥዕል የበዛበት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጣና «ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ሙያ ነው» አለኝ። ወዲያው ደግሞ «መሐሉ ላይ ገጽ ጎድሎታል፤ አይተው ይውሰዱ» አለ። 600 ብር ጠርቶ በ450 ሰጠኝ። ጉድለቱን እኔ ሳላይ ራሱ መናገሩ ደስ አሰኝቶኛል።

መጽሐፉ ስለ እንግሊዝ መኳንንት የገጠር ቤቶች ነው። ቤት ይባል እንጂ የእኛ ሰው ቢያየው ግቢ፣ ቤተ መንግሥት ነው የሚለው። እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደለም። 11ኛ ክፍል ያለችው ልጄ ማታ ማታ አነበበችልኝ።

ከሁሉም አንጀቴን የበላው ሰተን ስካርስዴል የሚባለው ቤት ነው። ደርቢሻየር ውስጥ፣ ቼስተርፊልድ ከተማ አጠገብ፣ ኮረብታ ላይ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1724 ለአንድ ባላባት ተሠራ (የእንግሊዙን ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ልስኑን የሠሩት አርታሪና ቫሳሊ የሚባሉ የጣሊያን ባለሙያዎች ናቸው። በኋላ የአርክራይት ቤተሰብ ገዛው። ሪቻርድ አርክራይት ማለት ጥጥ የሚፈትለውን ማሽን ሥራ ላይ አውሎ የከበረው ሰውዬ ነው። ወንድሜ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፈትል ክፍል ሠርቷል። ይህን ስነግረው «እኛን ሌሊት ያስነሳን እሱ ነዋ!» አለኝ።

በ1919 ቤቱ ለነጋዴዎች ተሸጠ። የገዙት ሊኖሩበት አልነበረም፤ ዕቃውን ሊቸረችሩት ነው። የግድግዳውን የእንጨት ልባስ ነቅለው ሸጡት። የሦስት ክፍል ልባስ ባሕር ተሻግሮ ዛሬ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ሙዚየም ውስጥ ነው። ከዚያ ጣሪያውን አነሱት።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ግድግዳው ላይ፣ ከመሬት ሁለት ሰው ቁመት ከፍታ ላይ፣ የእሳት ማንደጃ ቦታ አለ። ከሥሩ ወለል የለም። ማንደጃው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከማንደጃው ዝቅ ብሎ በእኩል ርቀት የተደረደሩ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ይታያሉ። ልጄ «መስኮት ነው?» አለችኝ። አይደለም። የወለሉን ጣውላ የሚሸከሙት እንጨቶች የገቡበት ቦታ ነው። ያንን ቀዳዳ እኔ አውቀዋለሁ።

የማውቀው በእጄ ስላፈረስኩ ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ ደሴ አንድ የጣሊያን ጊዜ ፎቅ አፍርስ ተብዬ ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ቦታውን ነበር የፈለገው። አራት ቀን ፈጀብን። ወለሉን ስናነሳ እንጨቱ እንደ አዲስ ነበር፤ ምስጥ አልነካውም። በሮቹ ሰኞ ገበያ ወርደው እዚያው ቀን ተሸጡ። እኔ አንድ የመስኮት መዝጊያ አስቀረሁ፤ አሁንም ሥራ ቦታዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፎቶውን ሳይ ያ ቤት ነው የመጣብኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መጽሐፉ የእንግሊዞቹ ቤቶች የፈረሱበትን ምክንያት በደንብ ያስረዳል። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ርካሽ የአሜሪካ እህል እየገባ የመኳንንቱ የመሬት ገቢ ወደቀ። በ1894 ባለቤት ሲሞት በውርሱ ላይ የሚከፈል ግብር መጣ፤ በ1919 ለትልልቆቹ ሀብቶች እስከ 40 በመቶ ደረሰ። በመሐል አንደኛው የዓለም ጦርነት ወራሾቹን በላ። አባት ሲሞት ግብር፣ ልጅ ሲሞት ሌላ ግብር። በ1955 በአምስት ቀን አንድ ቤት ይፈርስ ነበር ይላል። ልጄ ሁለቴ አነበበችልኝ፤ ያው ነው።

ሰተን ስካርስዴልን ግን አንድ ሰው ደረሰለት። ድንጋዩን ሊሸጡት ሲሉ፣ በ1946፣ ኦስበርት ሲትዌል የሚባል ጸሐፊ ፍርስራሹን ገዛው። ዛሬ እንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚባል የቅርስ ድርጅት ይጠብቀዋል። ጣሪያ የለውም፤ የጣሊያኖቹ ልስን ግን እዚህም እዚያም ግድግዳው ላይ አለ፣ ዝናብ እየመታው።

መጽሐፉን በጨረስን በነጋታው ልጄን ይዤ አይጠየፍ ሄድኩ። ስንት ዓመት በአጠገቡ አልፌያለሁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ ደሃና ሀብታም ሳይጠያየፍ አብሮ ይበላበታል ተብሎ ነው ስሙ። ንጉሡ በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተማረኩ፤ አዳራሹ ግን ይኸው ቆሟል። ያን ቀን ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። እንደ አናጢ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ወደ ልጁ መደብር ልመለስ። ዋጋው ደህና ነው፤ ትንሽ ብትከራከሩት ይቀንሳል። አንብባችሁ ብትመልሱለት በግማሽ ዋጋ ይገዛችኋል። ቆማችሁ ብታነቡ አይቆጣም። ችግሩ እርጥበት ነው። የደሴ ጉም መጽሐፍ አይምርም፤ የእኔው ጠርዙ ሻግቶ ነው የመጣው፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ማዋል ነበረብኝ። መሬት ላይ ማንጠፉን እንዲተው ነግሬዋለሁ። እግር ያለው፣ ክዳኑ የሚቆለፍ ሣጥን እየሠራሁለት ነው። የእንጨቱን ብቻ ይከፍላል።

ሰዓቱን አትመኑት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ይላል፤ አራት ተኩልም አይመጣ። አርብ ከሰዓት የለም።

የጎደሉት ገጾች ከ112 እስከ 127 ናቸው። ማውጫው እንደሚለው ስለ ደረጃ አሠራር የሚያወራው እዚያ ላይ ነበር፤ እኔ ከሁሉም በላይ የፈለግኩት እሱን ነው። ልጁ ሌላ ቅጂ እንዲያፈላልግልኝ ኮምቦልቻ ላለ ወዳጁ ደውሏል። ከተገኘ 800 ብርም ቢሆን እወስደዋለሁ ብዬዋለሁ።